አራት ጭስ ማውጫ ያለው መርከብ

አባቴ ከአሰብ ሲመለስ ጓዙ ውስጥ አንድ የግድግዳ ካላንደር ነበር። ዕድሜውን ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው፣ ወደቡ ሲዘጋብን ወደ ከተማችን መርሳ ይዞት የገባው ዋና ነገር እሱ ነው። ካላንደሩ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፤ እኛ ግን ሥዕሉን እንጂ ቀኑን አይተነው አናውቅም። አራት ጭስ ማውጫ ያለው የጥንት የመንገደኛ መርከብ ነው፤ ጎኑ ጥቁር፣ ላዩ ነጭ፣ ከዳር እስከ ዳር በክብ በክብ መስኮት የተሞላ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላም ከግድግዳው አልወረደም። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ሌላ መርከብ አይቶ አያውቅም። እኔም አላየሁም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረው ወልድያ ነው። ጠዋት ከመርሳ ተሳፍሬ ሄጄ ወደ ማታ እመለሳለሁ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ በስልኬ ስለእነዚያ መርከቦች አነባለሁ። ባልደረቦቼ «መርከቧ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። አውሮፓንና አሜሪካን የሚለየውን ውቅያኖስ ማን ቀድሞ ይሻገራል እያሉ ኩባንያዎች የሚፎካከሩበት ዘመን ነበር፤ ፈጣኖቹ ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርሱ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ የተቀረጸ እንጨት፣ የመስታወት ጣራ ያለው የምግብ አዳራሽ፣ በሸክላ የተተከለ ዘንባባ አለ። ታች ደግሞ ድህነት ከአገሩ ያስወጣው ሰው በተደራረበ አልጋ ላይ ይተኛል። በአንድ መርከብ ይሄዳሉ፤ ግን አይተያዩም።

እኛ አገር «በባሕር ሄደ» ሲባል ማንም እንዲህ ያለውን መርከብ አያስብም። በጅቡቲ አድርጎ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ሊገባ ወጣ ማለት ነው። ቃሉ ሲነገር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ደወለ?» የሚለው ብቻ ነው። ወረዳችን ሐብሩ ውስጥ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ቤት ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ወንድሜ ሐራ ላይ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ የቀን ሥራ ነበረው። ሥራው ሲቆም እሱም ቆመ። ከዚያ መርሳ ላይ ለሚያልፉ መኪኖች ብርቱካን ይሸጥ ጀመር፤ አንድ ጠዋት ግን ከጎረቤታችን ልጅ ጋር፣ ሳይነግረን ወጣ። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ደወለና «ዛሬ መርከብ ይመጣላችኋል ብለውናል፤ እማን እንዳታስጨንቂያት» አለኝ። እኔን ማን ከጭንቀት እንደሚያወጣኝ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጠፋ።

እናቴ ያን ዕለት ካላንደሩ ሥር ሄዳ ቆመች።

«እንዲህ ያለው ነው?» አለችኝ።

አይደለም ማለት አቃተኝ። «መርከብ ብዙ ዓይነት ነው እማ» አልኳት።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

ትንሽ ትረጋጋ ብዬ ያነበብኩትን ነገርኳት። ትልቁን ውቅያኖስ እንኳ ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ይሻገሩት ነበር፤ የኛው ባሕር ከዚያ ጋር ሲተያይ ወንዝ ነው አልኳት።

«ሀብታሞቹ ላይ ናቸው፣ ድሆቹ ታች ናቸው ብለሽኝ አልነበር? የኛ ልጅ ታች ይሆናላ።»

«ታች ይሆናል።»

«ታች ያሉትስ ይደርሳሉ?»

«አብረው ነው የሚደርሱት እማ።»

«አልሃምዱሊላህ። እንግዲያ ታችም ይሁን» አለችና ውዱእ ልታደርግ ወጣች።

አምስት ቀን እስኪሞላ ድረስ ተረጋጋች። ከዚያ በኋላ ግን የኔው ወሬ ጠላት ሆነብን። «ትልቁን ባሕር በአምስት ቀን፤ ወንዙን በስንት ነው?» ትለኛለች፣ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ። ማታ ስመለስ ደግሞ ከሰላምታ በፊት። ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። ክፍል ውስጥ ስልኬ ኪሴ ውስጥ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የምናገረው ይጠፋኛል፤ በማያስቆጣ ነገር ተማሪ ላይ እጮሃለሁ። መርሳ መናኸሪያ ስወርድ የሰዉን ፊት አያለሁ፤ ከኔ በፊት የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ። አጽናኞቹ ደግሞ ባሱብኝ። አንዱ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለኝ። ባሕር ላይ ምን ሥራ አለ? ልመልስለት ብዬ ለእናቴ ስል ዋጥኩት።

የእናቴ ጭንቀት የሚገባቸው ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ያላቸው ከወንድሜ ጋር የወጣው ያ አንድ ልጅ ነው። ስልክ ስለሌላቸው ሁለቱም ልጆች ይዘው የሄዱት የእናቴን ቁጥር ነው። ስለዚህ የዙህር ሰላት እንዳበቃ ይመጡና ከእናቴ ጎን ይቀመጣሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሰው ሠርግ ያወራሉ፤ ባሕር የሚባል ነገር አያነሱም። ስልኩ መሃላቸው ይቀመጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት ምስር እየለቀሙ ሳለ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር ነው። እናቴ አፈፍ አድርጋ አነሳችው፤ እኔ ከጀርባዋ ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጎረቤታችን እጃቸው ላይ የነበረውን ምስር ትሪው ላይ መለሱት።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ወንድሜ ነው። የሰው ስልክ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። «መርከብ ብለውን ጀልባ አመጡ። ሰው በሰው ላይ የሚጫንበት ጀልባ፤ ጭስ ማውጫ የለው፣ መስኮት የለው! ይሄማ መርከብ አይደለም፣ አልወጣም አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ደበደቡኝ፤ አልወጣሁም። እየተመለስኩ ነው እማ።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «የጎረቤታችን ልጅ ግን ወጣ። አትውጣ ብዬ ለመንኩት። ጀልባዋ ተገልብጣለች ነው የሚሉት፤ የተረፈ ሰው አላየንም። ምናልባት ወደናንተ ደውሏል?»

ጎረቤታችን የእናቴን ፊት እያዩ ነው። እናቴ ዓይኗን ከሳቸው አላነሳችም፤ ብታነሳ ያውቁባታል። ልጇ በሕይወት አለ። ያን የሚያህል ደስታ የት እንዳስገባችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ እልል ልልም ላለቅስም ደርሼ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

«ተሳስተሃል የኔ ልጅ» አለችው። «ቁጥሩ ይሄ አይደለም።»

ዘጋችው።

ወሎ ውስጥ የማያውቁትንም ወጣት «የኔ ልጅ» ነው የሚሉት፤ ጎረቤታችን አልጠረጠሩም። ምስሩን መልሰው አነሱ።

«ምስኪን» አሉ። «እሱም እናቱን ፈልጎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች እናቴ።