አራት የብርጭቆ ቂጦች

አክስቴ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሰሃንና ብርጭቆ ማጠብ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ድካሙን ለምዳዋለች። ያልለመደችው የምግብ ቤቱ ባለቤት ያወጣላትን ስም ነው፤ «ሰባሪዋ» ይላታል።

የሰውየው ደንብ ቀላል ነበር። ወር ሲያልቅ የስብርባሪውን ባልዲ ትሪ ላይ ይዘረግፋል፤ ጠቀም ያለውን ስባሪ ሁሉ እየለየ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል፤ በዚያው ልክ ከደመወዟ ይቆርጣል። እንግዳ ይስበረው፣ አስተናጋጅ ይጣለው፣ ዕዳው የአጣቢዋ ነው። አንድ ብርጭቆ ሦስት ቦታ ከተሰበረ ሦስት ብርጭቆ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብሆን ትሪውን አናቱ ላይ እደፋበት ነበር። እናቴ ግን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ትላታለች፤ እሷም ዝም አለች።

ዝም አለች እንጂ አልተኛችም። ብርጭቆ ምንም ያህል ቢደቅ ቂጡ አንድ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ሁሉ ቂጡን እየለቀመች በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ማጠራቀም ጀመረች። ባለፈው ወር ባለቤቱ አሥራ አንድ ሲቆጥር ቆርቆሮው ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው። ቆርቆሮዋን ታቅፋ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

የቢሮው ሴትዮ የአክስቴን አቤቱታ ሰማች፤ ቆርቆሮውን ግን ዞር ብላም አላየችው።

«እናቴ፣ እንዲቆረጥብዎት በጽሑፍ ተስማምተዋል?»

«ኧረ የለም።»

«ፍርድ ቤት ወስኖብዎታል?»

«ምን አድርጌ!»

«እንግዲያው አራትም ይሁን አሥራ አንድ፣ በገዛ ፈቃዱ አንዲትም መቁረጥ አይችልም።»

ደስ ይላታል ስል ፊቷ ቅጭም አለ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ለቀምኩት?» አለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይሄኔ ነው፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ቢሮው ደብዳቤ ጻፈ፤ የተቆረጠው ተመለሰላት። በማግስቱ ግን የቤት ቁልፍ ልቀበላት ጓዳው በር ላይ ቆሜ ሳለ ባለቤቱ ወረቀት ይዞ ገባ። ከእንግዲህ የሚሰበረው ሁሉ ከደመወዜ ይቆረጥ የሚል ነው።

«ፈርሚ፣ ሰባሪዋ» አላት።

አክስቴ እጇን በሽርጧ አደረቀች። «ጋሼ፣ ነገ ሌላ ሰው ለሚሰብረው ዛሬ አልፈርምም» አለችው። ከዚያ አራቱን ቂጦች ከቆርቆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይቺ የኔ ናት፤ ሳሙና አዳልጦኝ ነው። የሷን ብቻ ይጻፉ፣ እፈርማለሁ። እነዚህ ሁለቱ እንግዶች የሰበሯቸው ናቸው።»

አራተኛዋን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ወፍራም ነበረች። እንዲህ ያለ ቂጥ የነበረው የባለቤቱ የራሱ መጠጫ ብቻ ነው፤ በስልክ ሲጨቃጨቅ ጠረጴዛ ላይ የከሰከሰው።

ሰውየው አንስቶ አየት አደረጋትና ኪሱ ከተታት። ወረቀቱን ገለበጠ፤ በጀርባው የአንድ ብርጭቆ ዋጋ ጻፈ። አክስቴ ቀስ ብላ አነበበችውና ፈረመች።

«በይ እሺ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

አክስቴ ወደ ገንዳዋ ዞራ ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት፣ ቁልፉን ሳልቀበል ቤት ደረስኩ።