በወይራ የታጠነ በርሜል

ዓሣ በጭስ የማድረቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ቢላ ይሰጠኛል ብዬ ሽርጤን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት እትየ ብርቄ ግን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው ባልዲና ድስት ደርድረው ጠበቁኝ።

«ዓሣ መቅደድማ ማንም ይለምዳል» አሉኝ። «መጀመሪያ በምን እንደምትዘፈዝፊው እወቂ።»

ዓሣው ጭስ ከማየቱ በፊት በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጨው ደግሞ ዕቃ ይበላል። እትየ ብርቄ አንድ ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት ወደ ፀሐይ አንስተው ቂጡን አሳዩኝ፤ በመርፌ የተወጋ ይመስል ብርሃን ያሳልፋል። የቆርቆሮ ባልዲም አይሆንም፣ ዓሣውን ብረት ብረት ያሰኘዋል። ሸክላ ጨዉን ይጠጣል፣ ሽታውንም አይለቅም። አይዝጌ ብረት ከሁሉ ይሻላል፤ እኛ ግን አልነበረንም። የምንሠራው ለምግብ ተብሎ በተሠራ፣ ክዳን ባለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር።

በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ዓሣው ከጣና በኩል በመኪና ይመጣል። አምባዛው ወፍራም ስለሆነ ጨው ውስጥ ይቆያል፣ ቆሮሶው ቶሎ ይወጣል። እትየ ብርቄ ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ። ልጄ ትርንጎም ከአረብ አገር ስትመለስ አብራኝ ገባች።

አንዴ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ሆቴል ብዙ ዓሣ አዘዘን። ነጮቹ ባልዲዎች አልበቃ አሉ። እኔ ዘመድ ልጠይቅ ይፋግ ወርጄ ስመለስ፣ ትርንጎ ከገበያ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ገዝታ በአንደኛው አምባዛ ዘፍዝፋ ቆየችኝ።

ገና በሩ ላይ የወይራ ጭስ ሸተተኝ። እኛ ዓሣ የምናጨሰው በግራር ነው።

«ወይራ ማን አጨሰ?» አልኳት።

«በርሜሉ ነው እማየ። ሰውየው አጥኖ ነው የሸጠልኝ። ጥንቁቅ ሰው!»

ቅል እናጥናለን፣ እርጎው እንዲጥም። ጋን እናጥናለን፣ ጠላው እንዲያምር። ፕላስቲክ በወይራ የሚያጥን ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ምን ሊደብቅ ፈልጎ ነው?

«የጨዉን ውሃ ቀምሰሻል?»

«ሳልቀምስ እንዴት አውቀዋለሁ? ደጋግሜ ነው የቀመስኩት።»

«ትፊ!»

«እማየ፣ ማዳም ያልገደለችኝን ጨው ይገድለኛል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ባዶው በርሜል ውስጥ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት፤ ክዳኑን ገጥሜ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። እሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ እኔ ፊቷን አያለሁ። ግንባሯን ሲያልባት ተነሣሁ፤ የጭሱ ቤት ሙቀት ነው አለችኝ። አላመንኳትም።

በርሜሉን ስከፍተው የወይራው ሽታ ለቋል። ከሥሩ የወጣውን አወቅሁት። ጉና ሥር ሳለን ባለቤቴ የስንዴ አረም መድኃኒት ረጭቶ ሲገባ ልብሱ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ትርንጎም አንገቷን አስግጋ አሸተተችና ወደ ኋላ ሸሸች። ሳቋ ያን ጊዜ ጠፋ።

ክዳኑን ይዤ፣ እጇን ጨብጬ ወደ ሻጩ ሄድን።

«ምን ነበረበት ይኸ?» አልኩት።

«የምግብ ዘይት ነው እናቴ።»

ከክዳኑ ላይ የዞረውን ጎማ ፈልቅቄ አወጣሁት። የዘይት ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ከጎማው ሥር ቅባት አይጠፋም። ይኸኛው ደረቅ ነው፣ ነጭ ቅርፊት ይዟል።

«ይኸ ዘይት ነው?»

«ጠረጠሩኝ እኮ እናቴ! ስንት ሰው ከእኔ ገዝቶ ሄዷል።»

«አዎ፣ ጠርጥሬሃለሁ። አልከስህም፣ ብሬን መልስም አልልህም። ልጄ ቀምሳዋለች። የነበረበትን ነገር ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

ትርንጎን አያት። ድምፁ ወረደ።

«አላውቀውም፣ በማርያም! ከጫኝ ላይ ነው የገዛሁት። ይሸት ነበር፣ ሽታው ይሂድ ብዬ አጠንኩት።»

ከዚያው ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሷ «ምንድን ነው የቀመስሽው?» አለቻት። ትርንጎ እኔን አየች።

«የአረም መድኃኒት ይመስለናል» አልኩ።

«ብዙ ዓይነት ነው እኮ እናቴ። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ ምን ብዬ ልርዳት?»

አስተኝተው ዓይኗንና የልብ ምቷን እያዩ አዋሏት። ውሃ ስትጠይቅ እፈራለሁ፣ ዝም ስትልም እፈራለሁ። ማታ ላይ፣ የተለየ ነገር ካያችሁ ፈጥናችሁ ተመለሱ ብለው ለቀቁን።

«አረብ አገር ስሄድም እንዲህ አላየሽኝ» አለች ትርንጎ። ልታስቀኝ ነበር። አልቻልኩም።

መንገድ ላይ ሳለን የሆቴሉ ሰውየ ደወለ። ትርንጎ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ ሲጮህ ለእኔም ይሰማኛል፤ «ታጥቦ ከተጨሰ ምን ይሆናል? ጭስ እኮ ሁሉን ይገድላል!»

«ጭስ የሚገድለው ሽታውን ነው» አለችውና ዘጋችበት።

በማግሥቱ አምባዛውን ከወንዝ ርቀን፣ ውሻ እንዳያወጣው አጥልቀን ቀበርነው። በርሜሎቹን ሌላ ሰው እንዳያነሳቸው በመጥረቢያ ሰነጠቅኋቸው። ሆቴሉ ከሌላ ሰው ገዛ፤ ወደ እኛ አልተመለሰም።

ትርንጎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ጓዳ ሆና ስትስል የያዝኩትን አስቀምጬ ሄጄ አያታለሁ።

እናንተ ወደዚህ ሥራ የምትገቡ፣ ዕቃ ስትመርጡ ንጹሕ መሆኑን ከማየታችሁ በፊት ምን ይዞ እንደነበረ ጠይቁ። ስሙን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ አትግዙት።