የቦቢ ዕድሜና የአባባ ጡረታ

ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም እስከ ካራ ድረስ ለሚገኙ ዘመድ ወዳጆች በሙሉ፦ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ውሻችን ቦቢ አልጮኸም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቦቢ ከእንጦጦ በሚወርድ ጅብ ላይ፣ ቅጠል ተሸክሞ በሚያልፍ ላይ፣ በገዛ ጥላው ላይ የሚጮህ ውሻ ነው። ያን ቀን ግን ኩርምት ብሎ አጥሩ ሥር ተኝቷል... አፉ አረፋ፣ የሆዱ ጩኸት በር ድረስ ይሰማል።

ሁዳዴን ሙሉ ከእኛው ጋር ሽሮ ሲልስ ከርሞ፣ በዋዜማው ማታ የበጉን የሆድ ዕቃ ከጎረቤት ውሾች ጋር ተሻምቶ ነበር። እማዬ ግን ይህን አልተቀበለችም።

«መርዘውብኝ ነው!»

ልክ በዚያ ሰዓት የአባባ አለቃ አቶ ሰይፉ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ በመኪናቸው መጡ። ላምበረት በኩል የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ያውቃሉ።

«ጫኑት! ወንበሩ ላይ እንዳያስመልስ ብቻ!»

አስመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ የመንግሥት ምስጢር ማውጣት ግድ ነው። አባባ ጠጅ በቀመሰ ቁጥር «ይህን ውሻ ወንድሜ የሰጠኝ አርባ ዓመቴን የደፈንኩ ዕለት ነው፤ ያኔ የእጅ መዳፍ የምታህል ቡችላ» ይላል። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ወሬውን በቃሉ ያውቀዋል። በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ አባባ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ጡረታ እንዳይደርስበት እዚያው ላይ ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ቦቢም ለዓመታት አምስት ዓመቱ ነው።

ላምበረት ደርሰን የበጉን ነገር ስንነግረው «ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ሐኪሙ።

አባባ አቶ ሰይፉን በዓይኑ ጠርዝ አየና «አምስት» አለ።

«አብረውት የበሉት ውሾችስ?»

«የጎረቤታችን ጎረምሳ ውሻ የእሱን እጥፍ በልቶ አጥር ሲዘል ነው ያደረው። የእነሱው ቡችላ ግን እንደ ቦቢ ያስመልሰዋል» አልኩ እኔ።

ሐኪሙ አገጩን አሻሸ። «የቡችላ አንጀት በሽታ መከላከል ገና አልተማረም። ያረጀ ውሻ ደግሞ የተማረው ይደክመዋል። ጎረምሳው ምንም ሳይመስለው የሚያልፈው ምግብ ሁለቱን ይጥላቸዋል። ይህ ግን አምስት ዓመት ከሆነው ጉልበቱ ላይ ነው... እንግዲህ መርዝ ነው። ጠንካራ ማስመለሻ እሰጠዋለሁ።»

«ሽማግሌ ቢሆንስ ዶክተር?» አለች እማዬ፣ አባባን እያየች።

«ሽማግሌማ ቢሆን ማስመለሻው ራሱ ይጨርሰዋል። ለሽማግሌ ዕረፍትና ቀጭን የሩዝ ሾርባ ነው።»

መድኃኒቱን መቅዳት ጀመረ። አባባን በጠራራ ፀሐይ የቆመ ይመስል አላበው።

«በለጠ... በሚካኤል!» አለችው እማዬ አባባን።

ቦቢ ዓይኑን ገለጠና አባባን አየው። ጅራቱን ሊያነሳ ሞከረ... አቃተው።

«ዶክተር፣ ቆይ!» አለ አባባ። «አሥራ ሦስት ነው።»

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። የአቶ ሰይፉ ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል... አርባ ሲደመር አሥራ ሦስት። አባባ መሬት መሬቱን ያያል።

«አቶ በለጠ» አሉ አለቃው በመጨረሻ፣ «ዛሬ በዓል ነው። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። እኔ ደግሞ በበዓል ቀን መደመር አልወድም።»

አባባ እስትንፋሱን ሲለቅ የሐኪሙ መጋረጃ ተወዛወዘ ብል አላጋነንኩም።

ቦቢ ሾርባውን ሲልስ ሰነበተ። ረቡዕ ጠዋት ያ የሚያደነቁር ጩኸቱ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። እማዬ እልል አለች። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተናፈጠ፤ «ጉንፋን ነው» አለ።

እርማት፦ «ቦቢ አምስት ዓመቱ ነው» ተብሎ ለዓመታት የተሰጠው መግለጫ ስህተት ስለሆነ «አሥራ ሦስት» ተብሎ እንዲታረም እናስታውቃለን። የአባወራውን ዕድሜ የሚመለከተው አኃዝ ግን በበዓሉ ምክንያት አልተደመረም።