የሚወዛወዝ ወንበር ፕላን ፍለጋ

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ ተጭኖ፣ አሶሳ አጠገብ በስም ሳይሆን በቁጥር የምትጠራ አምባ ውስጥ ከወረደ ጀምሮ ወንበር ገዝቶ አያውቅም። የሚቀመጠው ልብሱን ይዞበት በመጣው የእንጨት ሳጥን ላይ ነው። ክዳኑ በእሱ መቀመጫ ልክ ጎድጉዷል። ወንበር እንግዛልህ ባልነው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ “መንገደኛ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል? እህሉ ይግባና ዘንድሮ አገራችን እንሄዳለን።” እህሉ ይገባል፤ ዘንድሮ አልፎ ሌላ ዘንድሮ ይመጣል። እኔ እዚያችው አምባ ተወልጄ፣ ተምሬ፣ አግብቼ፣ ይኸው ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል።

ባለፈው ዓመት ወገቡ እምቢ አለው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንስቶ አየና፣ ጎብጦ መዋሉን ትቶ መደገፊያ ያለው ነገር ላይ ካልተቀመጠ ከርሞ ቀና ብሎ መሄድ እንደማይችል ነገረን። አባቴ በትሕትና አዳመጠ። ቤት ሲደርስ ሄዶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ያኔ ነው ብልሃት የመጣልኝ። እርጋ ቢሉት የማይረጋ ሰው፣ የማይረጋ ወንበር ቢሰጡት ምን ሊል ነው? የሚወዛወዝ ወንበር አሠራለታለሁ፤ መንገድ ላይ ነኝ እያለም ቢሆን ይደገፍበታል አልኩ።

እኔ አሁን አሶሳ ከተማ ቤት ይዤ፣ በቴክኒክ ኮሌጅ ድሮዊንግ አስተምራለሁ። ያለ ፕላን ሥራ የሚጀምር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ፕላን ፍለጋ ገባሁ። ስልኬ ላይ ስዳክር አርትስ ኤንድ ክራፍትስ የሚሉት ዓይነት ላይ ወደቅሁ። ድሮ ፈረንጆች ፋብሪካ የሚያመርተው ዕቃ ነፍስ የለውም ብለው ተቆጡና ወደ እጅ ሥራ እንመለስ አሉ። ጌጥ የማያበዛ፣ እግሩ ወፍራም፣ እንጨቱ እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲጋጠም በግልጽ የሚታይ ወንበር ሠሩ። ልቤ ተሰረቀ። የእጅ ባለሙያን አክብሩ የሚለውን ሐሳባቸውን በስልኬ እያነበብኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ከቤቴ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ቀርከሃና እንጨት የሚሠሩ ባለሙያ መኖራቸው ግን ትዝም አላለኝ።

ፕላኑ በቀላሉ አልተገኘም። አንዱ ስዕሉን ያሳይና ልኩን ይደብቃል። ሌላው ሊወርድ ሲል ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል። ሚስቴ “ሰውየው ወንበር ነው የሚያስፈልጋቸው ወይስ ፋይል?” አለችኝ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከልኝ። ሃያ ገጽ! የመጨረሻዎቹ ስድስት ገጾች ወንበሩን ከስር ሆነው የሚያወዛውዙት ሁለት ደጋኖች በሙሉ ልካቸው የተሳሉባቸው ናቸው፤ አጣብቆ እንጨቱ ላይ ማሳረፍና በዚያው መቁረጥ ብቻ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። ባለቤቷ ወረቀቶቹን አስተካክላ እየሰጠችኝ፣ “ቲቸር፣ ዳር ዳሩ ሊቆረጥብዎት ነበር፤ ትንሽ አሳንሼ በወረቀቱ ልክ አስገባሁልዎት” አለችኝ። ተባረኪ ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ስኬል ሳይጽፍ ለሚያስረክበኝ ተማሪ ዜሮ የምሰጥ ሰው ነኝ።

ፕላኑን ይዤ በመጨረሻ እኚያው የሰፈሬ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የኩርሙክ ሰው ናቸው፤ ብሔራቸው በርታ ነው፤ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም አይርቁም። ፕላኑን በክብር ተቀብለው ገለባበጡት።

“ጠይብ” አሉ፤ በዐረብኛ እሺ፣ መልካም ማለታቸው ነው። “ሰውየው የታለ?”

“የቱ ሰውዬ?”

“የሚቀመጥ ሰው። እኔ በገመድ ነው የምለካ። ጉልበት፣ ወገብ፣ ክንድ። ከዚያ ወንበር ይሠራል።”

ልኩ ሁሉ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ደጋኑንም በዚህ ባጣበቅሁት ወረቀት ልክ እንዲቆርጡት፣ ለተማሪ እንደማስረዳ አድርጌ አስረዳኋቸው።

“ኡስታዝ፣ ወረቀት ወገብ የለውም” አሉኝ። ከዚያ ግን ያልኩትን አንድም ሳያጓድሉ አደረጉ። እንደሳቸው የታዘዘኝ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወንበሩ ከዋንዛ ተሠርቶ ሲያልቅ ዓይን ይስባል። ባጃጅ ላይ አስረን ወደ አምባ ወሰድነው። ባለሙያውም ሳይለኩት የሠሩለትን ሰው ለማየት አብረውኝ መጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባቴ ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ በከዘራው ገፋ አደረገው።

“ይሄዳል እንዴ?”

“ይሄዳል፣ አባዬ።”

“እንዲያ ከሆነ ደህና።”

ተቀመጠ። ተደገፈ። እኔ በሆዴ ራሴን አመሰገንኩ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሄደ፣ ሄደና ቆመ። አልተመለሰም። አባቴ እግሩን ሰቅሎ፣ የቤቱን ቆርቆሮ እያየ ቀረ።

አፍሬ ነው የምናገረው፤ እሱን ከማንሳቴ በፊት ወረቀቱን አወጣሁ። የደጋኑ ስዕል ጥግ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ከመቁረጥዎ በፊት ይህች መስመር አምስት ሳንቲሜትር መሆኗን ያረጋግጡ ይላል። ከኪሴ ማስመሪያ አውጥቼ ለካሁ። አራት ተኩል፤ ወረቀቱ ሲያንስ ደጋኑም ለወንበሩ አጥሯል።

“ተወው፣ አትድከም” አለኝ አባቴ ከተንጋለለበት። “እንደኔው ነው። ሄዶ መመለስ አልቻለም።”

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

ደግፈን አነሳነው። ባለሙያው ከኪሳቸው ገመድ አወጡና አዩኝ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳቸው። ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ክንዱን ለኩ፤ በየልኩ ገመዱን ቋጠሩ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ቆመላቸው።

“ደጋን እቀይራለሁ” አሉት። “ይሄዳል፣ ይመለሳል።”

አባቴ ዞሮ ሳጥኑን አየው።

“አይ፣ ደጋኑን ቁረጡት” አለ። “የማይነቃነቅ አድርጉልኝ።”

አሁን በልኩ በተሠራ ወንበር ላይ ጀርባውን ደግፎ ይውላል። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ሳጥኑ አልጋ ስር ገብቷል። ስለምነው የኖርኩትን አገኘሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዘንድሮ እህሉ ሲገባ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያቺን የዘወትር ቃሉን ጠበቅሁ። ስለ ማሽላው አወራ፤ ስለ ዝናቡ አወራ። ሲቸግረኝ እኔው ጠየቅሁት።

“አባዬ፣ ዘንድሮ አንሄድም እንዴ?”

“ወዴት?” አለኝ።