እትዬ ሄሎና የመጋረጃው ትምህርት

እትዬ ሄሎ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩት ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ ፊታቸው ገመድና ቀዳዳ የሞላው ሰሌዳ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። እንግሊዝኛንም የለመዱት እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሥራ ሲገቡ የሚያውቁት ሰላምታና እስከ ሃያ መቁጠር ብቻ ነበር። ቀሪውን ከሚቆራረጥ መስመር፣ ከሚነጫነጩ ነጋዴዎች፣ ከልጇ ጋር አገናኙኝ እያለች ከምትለምን እናት ለቃቀሙት። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው፤ የቤታቸው በር ሲንኳኳ እንኳ «ማነው?» ሳይሆን «ሄሎ!» ነው የሚሉት።

ከዚያ ሰሌዳውን የሚተካ ማሽን መጣና እሳቸውን ጨምሮ ሰባቱም ስልከኞች በአንድ ወር ውስጥ ተሰናበቱ። በማዞሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ሊጣሉ የተከመሩ አሮጌ ስልኮች ነበሩ። እትዬ ሄሎ ሁለቱን ለምነው ወሰዱና ቁም ሣጥናቸው ላይ አስቀመጧቸው።

አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ጎበዝ ናት፤ የእንግሊዝኛ ደብተሯ በቀይ ራይት የተሞላ ነው። አንድ ቀን አክስትና ልጅ ከገበያ ሲመለሱ አንድ የውጭ አገር ሰው ልጅቷን አስቁሞ ፖስታ ቤቱ የት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። የቆሙት ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ልጅቷ አክስቷ ጀርባ ተወሸቀች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት፣ ለሰውየው ፖስታ ቤቱን አሳይተው ከሸኙት በኋላ።

«በጽሑፍ ቢሆን እመልስለት ነበር። ሲያናግሩኝ ግን የማውቀው ሁሉ ድርግም ይላል።»

«ታዲያ ሰውየው መንገድ በጠፋው ቁጥር የጥያቄ ወረቀት አባዝቶ ያድል?»

ልጅቷ ሳቀች። አክስቷ ግን ነገሩን ቤት ድረስ ይዘውት ገቡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሳሎኑ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጥረው መጋረጃ ሰቀሉ፤ በወዲህና በወዲያ አንድ አንድ ወንበርና አንድ አንድ ስልክ አደረጉ። ልጅቷ ሦስት የክፍል ጓደኞቿን ጠርታ መጣች። ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ሥዕል ይዞ ያየውን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከመጋረጃው ማዶ ያለው የሰማውን ይስላል። ስልኮቹ አይሠሩም፤ ግን እጀታውን ጆሮው ላይ የለጠፈ ልጅ ማፈሩን ይረሳል። የመጀመሪያው ቀን ዛፉ ጣሪያው ላይ በቀለ፣ ውሻው አምስት እግር አወጣ፣ አራቱም ልጆች በሳቅ ፈረሱ።

«ያልሰማ ሰው ይድገሙልኝ ይበል» አሏቸው። «እኔ ስንት ሺህ ጊዜ ብያለሁ መሰላችሁ! አንድም ቀን አላፈርኩም። የሚያሳፍረው ሳይሰሙ ሰማሁ ብሎ የሰው ጥሪ የማይሆን ቤት መላክ ነው።»

በሁለት ወር ውስጥ አራቱ ልጆች አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ሣጥኑ ላይ፣ ደፉ ላይ ሳይቀር ይቀመጣሉ።

ጣጣው ከትምህርት ቤት መጣ። የእንግሊዝኛው መምህር ቃል ጽሕፈት ሲያስጽፍ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለችው፣ በጠራ እንግሊዝኛ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ የተቀለደበት መሰለው፤ ማን እንዳስተማራት ጠይቆ በቀጣዩ ቅዳሜ እትዬ ሄሎ ደጅ ከች አለ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው። የሚያስተምራቸው ሰው መጻፍ ማወቅ አለበት። እስቲ 'ናይፍ' ብለው ይጻፉልኝ» አለና ጠመኔ ሰጣቸው።

እትዬ ሄሎ የሣጥኑ ክዳን ላይ በኤን ጀምረው ጻፉ። መምህሩ ከፊቱ ኬ ጨመረበት።

«ይሄ ኬ ሲነበብ ይጠራል?»

«አይጠራም።»

«ካልተጠራ ምን ሊሠራ ነው እዚህ የተጎለተው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ መምህሩ አልሳቀም። ሌላ ሦስት ቃል አስጻፋቸው፤ ሦስቱንም ሳቱ።

«ልክ ነዎት መምህር» አሉ ጠመኔውን እየመለሱ። «እኔ በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ጽሑፉን አልተማርኩትም።»

የዚያኑ ዕለት መጋረጃውን አወረዱ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ልጆቹ ሲመጡ «አሞኛል» እያሉ መለሷቸው።

«ምንም አላመመሽም» አለቻቸው የወንድማቸው ልጅ።

«አፍሬያለሁ። እሱስ ሕመም አይደል?»

«ይድገሙልኝ ማለት አያሳፍርም ያልሽን አንቺ ነሽ። ጽሑፉን ደግሞ እኛ እንደግምልሽ።»

እሳቸው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ ብቻውን መጣ። ይቀመጡ እስኪባል ቆሞ ቆየ።

«ውጭ አገር ሥልጠና ተወዳድሬ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ በስልክ ደወሉልኝ።»

«እሺ?»

«ሰውየው ይናገራል፣ ይናገራል፤ እኔ 'የስ' እላለሁ። ምን እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ስንት ጊዜ የስ አሉት?»

«አራት ጊዜ።»

«አንዱን እንኳ ይድገሙልኝ አላሉም?»

«የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ እንዴት ልበል እትዬ?»

ሳቃቸው መጥቶ ነበር፤ ዋጡት። ያን ቀን እሳቸው ጠመኔ ይዘው መቆማቸውን አስታወሱና ሰውየው አሳዘናቸው። ተነሥተው መጋረጃውን ከሣጥን አወጡ። «ያንን ጫፍ ይያዙልኝ» አሉት።

ያ የሥልጠና ዕድል አመለጠው፤ ዳግመኛም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሆነ። በመጀመሪያው መምህሩ ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ መጋረጃው ማዶ ይቀመጣል፤ የሳለው ፈረስ ፍየል መስሎ ብዙ አስቋል። በሁለተኛው እሱ ያስጽፋል፣ እትዬ ሄሎ አዲስ ደብተር ይዘው ፊት ወንበር ላይ ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ቃል ጽሕፈት ከሃያው ቃል አራቱን ብቻ አገኙ። ከእሳቸው ይልቅ ልጆቹ አዘኑ፤ አንዷማ መምህሩን ግማሽ ማርክ ይጨምሩላቸው ብላ ለመነችው። ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ ስድስት አገኙ፤ ከዚያ በላይ ግን ዛሬም አልወጡም።

ሁሉም አልተሳካም። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከአሥራ ዘጠኙ ሁለት ልጆች ወደቁ። የአንዱ እናት መጥታ «ወሬ ነው ያስተማሩልኝ» ብላ ተቆጣች። እትዬ ሄሎ አልተከራከሩም፤ ልጁን ክረምቱን ሙሉ ከመምህሩ ጋር አስጠኑት፤ በቀጣዩ ዓመት አለፈ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር መጀመሪያ ስለ ጫጫታው ሰምቶ ሊያስቆም መጥቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆሞ አየና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወንበር የሚከመርበትን ክፍል አስጠርጎ ሰጣቸው። የወንድማቸው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በሦስት ቋንቋ ሰው ታስተናግዳለች።

እትዬ ሄሎ አሁን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ግራ ጆሯቸው ደክሟል። ይህን የሚያውቁ አዲስ ልጆች አጠገባቸው ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«አትጩሁብኝ» ይሏቸዋል። «ቃሉን አታኝኩት እንጂ በቀስታም ይደርሰኛል።»