የካዝናው ቁልፍ መቀነቴ ውስጥ ነበር

ምን ቤት ነኝ እኔ? እስቲ ንገሩኝ፣ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ባንከኞች ሲሰበሰቡ መሀላቸው ምን ትሠራለች? እነሱ በከረባት፣ እኔ በነጠላ። እነሱ ስለ ስጋት ሊመክሩ፣ እኔ ብስኩት ልበላ። ብስኩቱንስ በልቼው በነበር! ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ እንጂ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም። እንቅልፍ የለኝ፣ መቀመጥ የለኝ፣ ቤቱን ስዞረው እውላለሁ።

ይህን ነገር ለማንም ነግሬው አላውቅም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳይሰማው ሞተ። ልጆቼም አያውቁ። ለንስሐ አባቴ እንኳን አልነገርኩም። መካኒሳ አቦ ሄጄ ሰው ማማቴን፣ በጾም ወተት መቅመሴን፣ ስንቱን ጥቃቅን ስዘረግፍላቸው፣ ይቺን አንዷን ዘልዬ ነው የምመለሰው። ደግሞ እኮ «ሌላስ የለም?» ይሉኛል። «ኧረ የለም አባ!» እላለሁ። መጻፍ ስለማልችል ይኸው ለስልኬ አወራለሁ፣ እሱ ይቅዳ። እናንተ የምትሰሙኝ፣ እኔ ቀልደኛ ነኝና መሳቅ ያምራችሁ ይሆናል። አትሳቁ። እኔም የሳቅኩ ዕለት ነው የበደልኩት።

መካኒሳ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የጽዳትና የሻይ ሠራተኛ ነበርኩ። ወለሉን እወለውላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ በተረፈኝ ሰዓት ሰው እተነኩሳለሁ። አመሌ ነው። የዘበኛውን ቆብ እደብቃለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ግርማ ስኳር የሌለው ሻይ ሰጥቼ ፊቱን እያየሁ እቆማለሁ። «እማማ የሺ መጣች!» ሲባል ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። ይወዱኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንዷ ብቻ አትስቅልኝም፣ ሰሚራ። ዋና ገንዘብ ያዥ ነበረች፣ ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ኮስታራ። የካዝናው በር በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው። አንዱ አቶ ግርማ ጋ ነው፣ አንዱ እሷ ጋ። አንዱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሰሚራ የሷን በገመድ አንገቷ ላይ አድርጋ ልብሷ ውስጥ ትከተዋለች። ከአንገቷ የምታወልቀው በቀን አንዴ ነው፣ ቀትር ላይ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ። ያኔ ሻርፗንና ቁልፉን ቧንቧው አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቅላ ትታጠባለች፣ መልሳ ታጠልቀዋለች። ይህን ከኔ በቀር ያየ የለም። መጥረጊያ የያዘች ሴት ሁሉን ታያለች።

አንድ ቀን ታዲያ ሰይጣኔ ተነሳ። ፊቷ ውኃ በውኃ ሆኖ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ ሳለ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ላፍ አድርጌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። አስቤው የነበረው ምን መሰላችሁ? ትደንግጥ፣ ትፈልግ፣ ከዚያ ሻይ ሳቀርብላት ከትሪው ላይ ታገኘዋለች፣ ትስቃለች። በቃ። የሰሚራን ጥርስ ለማየት ነበር። እሷም ሶላቱ እንዳያልፋት ተቻኩላ ሻርፗን ብቻ ይዛ ሄደች። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተንፈቀፈቅኩ።

እሷ ስትሰግድ ባንክ የሚቆጣጠሩት ሰዎች ሳይነግሩ መጡ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች። «ካዝናውን እናያለን» አሉ። አቶ ግርማ ቁልፉን አወጣ። ሰሚራ ተጠራች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች።

ያኔ ለምን አልተናገርኩም? «ውይ ልጄ፣ እኔ ጋ ነው፣ ቀልጄ ነው» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው እኮ! ግን ሰዎቹን አየኋቸው፣ ፊታቸው የቀልድ ፊት አይደለም። እንጀራዬ ታየኝ። አፌ ተቆለፈ።

ሰሚራ እየሮጠች ቦርሳዋ ወዳለበት የዕቃ ጓዳ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘቀዘቀችው። ማበጠሪያ፣ የልጇ ካልሲ፣ መሀረብ። ኪስ ኪሱን ገለበጠች፣ ቁልፍ የለም። ዓይኔ እያየ ነው የገለበጠችው፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ከኔና ከሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ዕቃዋን መልሳ አጨቀችና ወደ ቧንቧው ሮጠች። እኔ ከቦርሳው ጋር ቀረሁ። ቁልፉ ወገቤን እንደ ፍም ያቃጥለኛል። አወጣሁና ቦርሳዋ ውስጥ ጣልኩት። ራሷ ታገኘዋለች ብዬ ነበር። እንዲያ ነው ያልኩት።

ግን ያገኘችው እሷ አይደለችም። ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ «ቦርሳሽን አምጪ» አለቻት፣ እጇን አስገብታ ቁልፉን አወጣችው።

«ይኸው አይደለም እንዴ? የለም ብለሽ ነበር» አለቻት።

«ወላሂ ገልብጬዋለሁ! ኪሱን ሁሉ አይቻለሁ!» አለች ሰሚራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷ ላይ ተስፋ አለ። «እማማ የሺ ነበሩ! እማማ፣ ሲገለበጥ አይተዋል አይደል? ይንገሯቸው!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አዎ ካልኩ፣ ታዲያ ቁልፉን ማን ከተተው ሊሉ ነው። ጓዳው ውስጥ ማን ነበር ሊሉ ነው።

«አላየሁም ልጄ፣ ሻይ ላይ ነበርኩ» አልኩ።

አላየሁም! እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። ቀልዱን ቀልድ ልበለው፣ ዕሺ። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ መጣሌን ድንጋጤ ልበለው። «አላየሁም» ያልኩትንስ ምን ልበለው?

ካዝናው ተከፈተ። አንዲት ነገር አልጎደለም። ቢሆንም ቁልፉን ደብቃ ዋሽታለች፣ እምነት አይጣልባትም ተባለ። ከሥራ አባረሯት። ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እኔ!

ዘመን አለፈ። ጡረታ ወጣሁ። አቶ ግርማ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ ትልቅ ሰው ሆነ። ሰሞኑን ደወለልኝና «እማማ የሺ፣ ባንኮችና ተቆጣጣሪዎች ተሰብስበን ስለ አሠራር ስጋት እንነጋገራለን። እርስዎም ይምጡ፣ ይሸለማሉ» አለኝ። ሽልማት ሲባል ጆሮዬ ቆመ፣ ምን ልዋሽ! የአሠራር ስጋት የሚሉት ሌባ ከውጭ ሲመጣ አይደለም አሉ። ከውስጥ፣ ከሰው፣ ከማሽን፣ ከሥራው አካሄድ የሚመጣ ጥፋት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ባንከኞቹ ባንድ ወገን፣ ተቆጣጣሪዎቹ ባንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ እንደ ሰርግ ሚዜ። አንዱ ባንከኛ ስለ ኮምፒውተር ብዙ አወራ። አንዲት ተቆጣጣሪ «ማሽኑን ለጊዜው ተዉት። ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚያድረው? እሱን ንገሩን» ስትል ብስኩቱ ያኔ ነው ጉሮሮዬ ላይ የቆመው።

አቶ ግርማ ተነሳ። «ስሟን አልጠራም» ብሎ የሰሚራን ታሪክ ተናገረ። ቁልፍ ደብቃ ጠፋኝ ያለች ገንዘብ ያዥ አላት። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ቀጠለና ደግሞ «በዚያው ቅርንጫፍ ግን እኚህ እናት ነበሩ፣ መርፌ እንኳን ከእጃቸው ጠፍቶ አያውቅም» ብሎ ጋቢ አለበሰኝ። ተጨበጨበ። አዲስ ጋቢ ነው፣ ወፍራም። ከበደኝ።

ለሻይ ሲወጡ ያቺ ተቆጣጣሪ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «እማማ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ካዝናው ሙሉ ከነበረ ልጅቷ ቁልፉን ለምን ትደብቃለች?» አለችኝ።

በስንት ዘመን ይህን የጠየቀ እሷ ብቻ ናት! አንድ ሰው! በሩን ከፍታ እኮ ነው የጠበቀችኝ፣ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔስ ምን አልኩ?

«ምን አውቄ ልጄ፣ ሻይ ላይ ነበርኩ።»

ሁለተኛ! መጀመሪያ ለእንጀራዬ ብዬ ነው እንበል። አሁንስ? ጡረተኛን ማን ያባርራል? ለጋቢ ነው? ለጭብጨባ ነው? ወይስ «ደግ አሮጊት» መባሉ ጣፍጦኝ ነው? እንጃ።

ሰሚራ ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ወረቀት ታባዛለች። ባንክ የሚባል ሁሉ አልቀጠራትም። በዚያ ሳልፍ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እጥላለሁ። አንድ ቀን ግን አየችኝ፣ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ስለዚያ ቀን ስታነሳ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እርስዎማ አላዩም እንጂ፣ ቢያዩ ኖሮ ይመሰክሩልኝ ነበር።» እንዲህ አለችኝ! በሰደበችኝ፣ ነጠላዬን በቀደደችብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሚራ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። እኔ ነኝ ቦርሳሽ ውስጥ የጣልኩት። ስትገለብጪውም አይቻለሁ፣ ባዶ ነበር። መሃይም ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ ብዬ አልለምንሽም። ከኔ የባሰ ድሃ እውነት ይናገራል። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ለስልኩ ሳወራ፣ ለካ ጎረቤቴ አስካለ ወንፊቴን ልትመልስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። እኔ እንባዬን ስጠርግ፣ አይዞሽ የምትለኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። ወንፊቱን አልጋዬ ላይ ወረወረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የተባረርኩት እኔ ነኝ እንዴ ለኔና ለስልክሽ የምታለቅሽው?»