አፈሩን ስንረግጥ

እናቴ ቀበና ባለው ግቢያችን ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ፣ ከበረንዳው አልወርድም አለች። አጥንቱ ድኗል፣ ሐኪሙም ተራመጂ ብሏታል፤ እሷ ግን ግቢውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። አልፈረድኩባትም። ድንጋዩ ያፈጠጠ ግቢ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ያን ቀን ክንዷን ይዞ የነበረው አባቴ ነው። ስለዚያ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም።

በደርግ ዘመን ነው። አንድ ጠዋት አባቴ ሱቃችንን ለእኔ ተወና "ሣር እተክልላታለሁ" ብሎ ተነሳ። ከቀበና ወንዝ ዳር ሣር ገሽልጦ ድንጋዩ ላይ ሊያነጥፈው!

"አባባ፣ ምንጣፍ መሰለዎት እንዴ?" አልኩት። ተቆጣ፤ ቀጥሎ ግን ዶማ ተዋሰ።

ያኔ ግቢውን የሚቆፍር ሰው የሚቀብረው ነገር አለው ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ሰፈርተኛው ሲቆፍር የቆርቆሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነው። እኛም ከፈትን። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

"ጓድ፣ ምን እየቀበሩ ነው?"

"ኧረ እያወጣሁ ነው!" አለ አባቴ፣ የድንጋዩን ክምር እያሳየ።

ሰውየው ክምሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና "ጎመን ቢተክሉበት ይሻል ነበር" ብሎ ሄደ። ሳቄን የለቀቅሁት ከራቀ በኋላ ነው።

ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ አግዘው ጀመር። አፈሩን በሽቦ ወንፊት ነፋነው፤ ከአሸዋና ከደረቀ ፍግ ጋር ቀላቀልነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ እንዳይወስድብን ዳር ዳሩን በዚያው ድንጋይ ከበብነው። የላላ አፈር ላይ ሣር ከተተከለ ቦታ ቦታው ይሰረጉዳል ስለተባልን፣ በመጨረሻ ጫማችንን አውልቀን ጎን ለጎን በተረከዛችን እንረግጠው ጀመር።

"ምንድነው እሱ፣ ጭፈራ ነው?" አለች እናቴ ከበረንዳው።

"ነይና አሳዪን!" አላት አባቴ።

"ድንጋዩ በሙሉ ወጥቷል?" ብላ ጠየቀች።

"ወላሂ ወጥቷል።"

ምሰሶውን ይዛ አንድ እግሯን አወረደች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ገና ያልረገጥነው አፈር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ሣሩ ገና አልመጣም፤ እሷ ግን መጣች።

አባቴ እጁን ዘረጋላት፤ ክንዷን ሳይነካ መልሶ ሰበሰበው። እናቴ ጣቶቹን አየቻቸው።

"አንተ ስለለቀቅኸኝ አይደለም የወደቅሁት" አለችው። "ክንዴን ጎትቼ ያስለቀቅሁህ እኔ ነኝ። እስካሁን ይህን ይዘህ ነው የምትቆፍረው?"

አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እሷም ክንዱን ያዘችና ቀስ እያሉ አብረው ይረግጡ ጀመር።